ብየዳው ሲፈጥን በሩ የዘገየበት ወርክሾፕ፦ የኮምቦልቻ አንድ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ እንዴት መጣ

ደሴ ውስጥ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት ጡረተኛ መምህርት በ2016 ዓ.ም. ቤታቸውን ሲያድሱ አምስት መስኮትና ሁለት በር ኮምቦልቻ አዘዙ። ቀብድ የከፈሉት ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። «በአሥር ቀን ይደርስልዎታል» ተባሉ። የደረሰላቸው ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ሰባት ሳምንት መሆኑ ነው።

በመካከሉ ክረምቱ ገባ። እትዬ የመስኮቱን ቦታ በላስቲክ ሸፍነው፣ ሌሊቱን ላስቲኩ በነፋስ ሲንኳኳ እየሰሙ ነው የከረሙት። አንድ ሌሊት ዝናቡ ገብቶ ፍራሻቸውን አበሰበሰው።

እኔ ፋብሪካ ውስጥ በምርት ዕቅድ ክፍል ለዓመታት የሠራሁ ሰው ነኝ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት ቁልቁል ወርጄ ወርክሾፑ ድረስ የሄድኩት ግን በሙያዬ ሳይሆን ለወቀሳ ነበር። ባለቤቱ በሰፈሩ ሐጂ ነው የሚባሉት። አልተከራከሩኝም። በርጩማ አስመጥተው አስቀመጡኝና «ልጄ፣ ጠዋት እውነት ብዬ የተናገርኩት ማታ ውሸት ሆኖ ያድርብኛል» አሉኝ። ለወቀሳ የሄድኩት ሰውዬ ዓመት ሙሉ ተመላለስኩ። የሆነውን እንድጽፍ ሐጂም መምህርቷም ፈቅደውልኛል። ስም አልጠቅስም።

ወርክሾፑ

ወርክሾፑ የብረት በር፣ መስኮትና የግቢ በር ይሠራል። ያኔ 11 ሠራተኞች ነበሩት። አራቱ በያጆች ነበሩ። አንድ ቆራጭ፣ አንድ ቀለም ቀቢ፣ ሁለት ገጣሚዎች፣ ቀሪዎቹ ረዳቶች። ደንበኛው ከኮምቦልቻም ከደሴም ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ከተማው ሲደርስ ዕቃው ሁሉ ተዘርፎ ነበር። ሐጂ ከዜሮ ተነስተው ነው እዚህ የደረሱት። ስለዚህ ሥራ የማያውቅ ወይም የሰነፈ ሰው ጉዳይ አይደለም የምጽፈው። ሰዎቹ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ገብተው ማታ 12 ሰዓት ነው የሚወጡት።

ግቢው ንጹሕ ነው። ሐጂ የካይዘን (የጃፓኖቹ የሥራ ማሻሻያ ዘዴ) ሥልጠና ወስደዋል። ግድግዳው ላይ «5ቱ ማዎች» ተለጥፈዋል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። መፍቻው ቦታ ቦታው ላይ ተሰቅሏል። ኤሌክትሮዱ በሳጥን ነው። ይህን የማነሳው ለሐጂ ክብር ብቻ አይደለም። ቤት የጸዳ መሆኑና ሥራ የሚፈስ መሆኑ ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን እዚያ ግቢ ቆሜ ነው በደንብ የተረዳሁት።

ችግሩ፣ በሐጂ ዓይን

ሐጂ ችግሩ የበያጅ እጥረት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ምክንያት አላቸው። በርን በር የሚያደርገው ብየዳው ነው፣ ገንዘቡም የሚወጣው እዚያ ነው። ስለዚህ ሚያዝያ 2016 ላይ ሦስተኛ የብየዳ ማሽን ገዙ። አንድ በያጅም ጨመሩ። ከዚያ በኋላ መዘግየቱ ባሰ። ሐጂን ግራ ያጋባቸው ይህ ነው። አቅም ተጨመረ፣ ሥራው ግን ቀነሰ። አራተኛ ማሽን ለመግዛት ብድር እያፈላለጉ ሳለ ነው የተገናኘነው።

ጠመኔና ደብተር

መጀመሪያ ያደረግነው ምንም ነገር አለመቀየር ነው። ለ24 የሥራ ቀናት ቆጠርን ብቻ። ብረት ተቆርጦ ሥራ ሲጀመር ቀኑ በጠመኔ ይጻፍበታል። ብየዳው ሲያልቅ ሌላ ቀን። ወደ ቀለም ሲገባ ጠመኔው ስለሚጠፋ ወደ ደብተር ይገለበጣል። በርም መስኮትም አንድ አንድ ሆኖ ተቆጠረ።

በ24 ቀን 53 ሥራ ወጣ። በቀን 2.2 ማለት ነው። በመጨረሻው ቀን ግቢውን ዞርን። 6 የተቆረጠ፣ 5 ብየዳ ላይ ያለ፣ 4 አልቆ ገጣሚ የሚጠብቅ አገኘን። ከበያጆቹ ጀርባ፣ በግንቡ ጥግ፣ ቀለም የሚጠብቅና በአንደኛውና በሁለተኛው ቀለም መካከል ያለ 31። ድምሩ 46።

እዚህ ላይ ቀላል ስሌት አለ። ግቢ ውስጥ ያለውን ሥራ ብዛት በቀን በሚወጣው ብዛት ብታካፍሉት አንድ ሥራ ከገባ ስንት ቀን እንደሚቆይ ይነግራችኋል። አሜሪካዊው ምሁር ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጡት ነው፤ ለባንክ ሰልፍም ለፋብሪካም ይሠራል። 46ን ለ2.2 ስናካፍል 21 የሥራ ቀን መጣ። በዚያ ላይ ቀብዳቸው ተበልቶ ገና ያልተጀመሩ 38 ሥራዎች ደብተር ላይ ነበሩ። ሲደመር 84። 84ን ለ2.2፣ 38 የሥራ ቀን። በሳምንት ስድስት ቀን ቢሠራ ከስድስት ሳምንት በላይ ነው።

ሐጂ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ያን ዕለት ጠዋት ለአንድ ደንበኛ «አሥር ቀን» ብለው ነበር። የዋሹት ክፉ ሆነው አይደለም። ቁጥሩን የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

ማነቆው

31ዱ የተደረደሩበት ቦታ ማነቆው፣ ማለትም ሥራው የሚታገትበት ቦታ፣ የት እንዳለ ይናገራል። ብየዳው በቀን 5 ማውጣት ይችላል፣ ሦስተኛው ማሽን ሲጨመር 6። ቀለሙ የሚያወጣው 2.2 ነው። ወንዙ በጠባብ ቦዩ ልክ ነው የሚፈሰው፤ ከላይ ብታሰፉት ጎርፍ ታደርጋላችሁ እንጂ ውሃው ታች አይበረክትም።

ግን ቀለም ቀቢው ሰነፍ ነው ወይ? ሁለት ቀን አጠገቡ ተቀምጬ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። 16 የሥራ ሰዓት ነው። ቀለም የረጨው 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ብቻ። ቀሪው ይኸው፦ የብየዳ ፍንጣሪና ዝገት ሲፍቅ 4 ሰዓት። ቀለም ሲቀያየር መርጫውን ሲያጥብ 2 ሰዓት። ቲነር (ቀለም ማቅጠኛ) እና ቀለም ሊገዛ ሲመላለስ 1 ሰዓት ከ40። ለመርጫው አየር የሚሰጠው ኮምፕረሰር እስኪነሳለት ሲጠብቅ ደግሞ 3 ሰዓት።

የመጨረሻዋን ልብ በሉ። ወርክሾፑ አንድ የመብራት መስመር ነው ያለው። ሦስቱ የብየዳ ማሽኖች አንድ ላይ ሲሠሩ ኃይሉ ይወርድና ኮምፕረሰሩ አጉረምርሞ ዝም ይላል። ልጁ ማብሪያውን ይነካል፣ ያጉረመርማል፣ ይጠፋል። እንደገና ይነካል። ከዚያ መርጫውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በያጆቹን ያያል። አንድም ቀን አልተናገረም። «ለምን አትነግራቸውም?» አልኩት። «እነሱ ዋና ሥራ እየሠሩ ነው» አለኝ።

ይህች መልስ ከቁጥሮቹ ሁሉ በላይ ከንክናኛለች። አዲሱ ማሽን መዘግየቱን ያባሰው በዚህ ነው። ሥራ ቶሎ ቶሎ ወደ ቀለም መገፋቱ ብቻ ሳይሆን የቀለሙን መብራት ራሱን ይበላ ነበር።

ጥግ የተከመረውም በር እንደ ነበረ አይቆይም። በክረምት እርጥበት የተሞረደው ቦታ በሳምንት ውስጥ ይዝጋል። ስለዚህ እንደገና ይሞረዳል። እርስ በርሱ ተደግፎ ሲቆም ይጫጫራል። የመምህርቷን አንድ መስኮት ሲገጠም አይቼው ነበር። ቡኒው ቀለም ላይ የሰው አውራ ጣት አሻራ ቁልጭ ብሎ ታትሞበታል። ሳይደርቅ ነው የተጫነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። በሩ በኢሱዙ ያንን ዳገት ሲወጣ ብርድ ይቀበለዋል። ያልደረቀ ቀለም እዚያ ላይ ጉዱ ይፈላል።

ቀብድ የሚባለው ወጥመድ

ይህ ጉዳይ የቀለም ብቻ ቢሆን ኖሮ በሳምንት እናስተካክለው ነበር። ሥሩ ያለው ገንዘቡ ላይ ነው።

ደንበኛ ሲያዝ ግማሹን ቀብድ ይከፍላል። በዚያ ቀብድ የሚገዛው ግን የእሱ ብረት አይደለም፤ ከእሱ በፊት ያዘዘው ሰው ብረት ነው። የዚያ ሰው ቀብድ ደግሞ ከእሱ በፊት ለነበረው ሄዷል። ስለዚህ ሐጂ ሥራ ሲበዛባቸውም «አልቀበልም» ማለት አይችሉም። አዲስ ቀብድ ካልገባ የድሮው ሥራ ላሜራ አይገዛለትም። ለዚህ ነው «አሥር ቀን» የሚባለው። እውነተኛው ቀን ከተነገረ ደንበኛው ቀብዱን ይዞ ይሄዳል።

በዚህ መሃል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። የብረት ነጋዴዎች ዋጋ ይቀያይሩ ጀመር። ሐጂ በሰኔ ዋጋ የተዋዋሉትን በነሐሴ ብረት መሥራት ግድ ሆነባቸው። መዘግየት ስም ብቻ አያጠፋም፤ ቤቱ ውስጥ ሥራ በቆየ ቁጥር የዋጋ ለውጥ ሁሉ የሚያርፈው በባለ ወርክሾፑ ላይ ነው። በሰባት ሳምንት ያለቀው ሥራ በሁለት ሳምንት ቢያልቅ ኖሮ አብዛኛው ኪሳራ አይደርስም ነበር።

ምን አደረግን

ኤሊያሁ ጎልድራት የተባሉ ፊዚክስ የተማሩ እስራኤላዊ ያስተማሩት ቅደም ተከተል አለ። ማነቆውን ለይ። ያለውን አቅም አሟጥጠህ ተጠቀምበት። ሌላው ሁሉ በእሱ ልክ ይሂድ። ገንዘብ አውጥተህ አቅም መጨመር ከዚያ በኋላ ነው። ማነቆው ሲለቀቅ ሌላ ቦታ ፈልገው። ሐጂ ገንዘብ ከማውጣት ነበር የጀመሩት፣ እሱም ማነቆ ባልሆነ ቦታ።

መብራቱ በአንድ ጠዋት ተፈታ። ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ሁለት የብየዳ ማሽን ብቻ ይሠራል፤ ሰዓቱ የኮምፕረሰሩ ነው። ሦስተኛው ማሽን ከገጣሚዎቹ ጋር ሰው ቤት ይሄዳል። ቤቱ ምንም ብር አልወጣበትም።

ፍንጣሪ መፋቅ ወደ በያጆቹ ተመለሰ። የበየደ ያጽዳ። ዝገት የሚከላከለውን የመጀመሪያ ቀለም፣ አንቲረስቱን፣ አንድ ረዳት ይቀባ ጀመር። ቀለምና ቲነር የሳምንቱ በአንዴ ይገዛል። ቀለም ደግሞ በቀን ተመደበለት። ሰኞና ማክሰኞ ቡኒ፣ ረቡዕና ሐሙስ ግራጫ፣ ቅዳሜ ሌላው ሁሉ። ዓርብ በጁምዓ ምክንያት አጭር ስለሆነች ለአንቲረስትና ለጽዳት ሆነች። ከዚህ ለውጥ በፊት ደውሎ የጮኸ ደንበኛ ነበር ቅድሚያ የሚያገኘው። በዚያ ጩኸት መርጫው በቀን አራት ጊዜ ይታጠብ ነበር።

ትልቁ ለውጥ መስቀያዎቹ ናቸው። ከቁርጥራጭ ብረት 8 መስቀያ ተሠራ። ቀለም የሚጠብቅ ሥራ እዚያ ላይ ብቻ ይንጠለጠላል፤ መሬት ላይ ማስደገፍ ቀረ። ስምንቱ ከሞሉ በያጅ አዲስ ሥራ አይጀምርም። ሞረዳ ያግዛል፣ ወይ ግጥሚያ ይሄዳል። ይህ የቶዮታው ታይቺ ኦኖ ካዳበሩት ካንባን ጋር ሐሳቡ አንድ ነው። ፊተኛው የሚሠራው ኋለኛው ሲጠይቅ ነው።

ከሥራ ዓይነቱም ተቀነሰ። ወርክሾፑ አልጋ፣ ጋሪ፣ የባጃጅ ወንበር፣ የሮቶ መቆሚያ፣ የመጣውን ሁሉ ይቀበል ነበር። ምርጡ በያጅ የሳምንቱን ሲሶ የሚያጠፋው በጥገና ነው። አሜሪካዊው የንግድ ምሁር ማይክል ፖርተር ስለ ስትራቴጂ ሲያስተምሩ የማትሠራውን መምረጥ ዋናው ነገር ነው ይላሉ። ሐጂ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎረቤት የተሰበረ ጋሪ ይዞ ሲመጣ በር ዘግቼበት?» አሉ። ትክክል ናቸው። ወሎ ላይ ጎረቤት ደንበኛ ብቻ አይደለም። የተስማማነው ጥገና ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ እንዲሆን ነው። አልጋና የሮቶ መቆሚያ ቀረ።

ያልሠራው

የመጀመሪያው ስህተት የእኔ ነው። ክረምት ስለነበር ማድረቂያ ብዬ በሸራ ድንኳን አስተከልኩ። አየር አይንቀሳቀስበትም። በሦስተኛው ቀን የአምስት በር ቀለም እንደ ወተት ቆዳ ተጨማደደ። ተፍቆ እንደገና ተቀባ። ከዚያ ነው ከግንቡ ጋር የቆርቆሮ ጥላ የተሠራው፣ አንድ ጎኑ ክፍት፣ ጀርባው ወደ መንገዱ፣ አቧራ እንዳይገባ።

ሁለተኛው፣ ሁለት ሳምንት አዲስ ሥራ አትቀበሉ ማለቴ ነው። በሒሳብ ልክ ነበርኩ። ግን ቀብድ ሲቆም ብረት መግዣ ጠፋ። በአሥረኛው ቀን ለደመወዝ እንኳ አልነበረም። ሐጂን ያወጣቸው እቁብ ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው ተራውን ቀየረላቸው። እኔ ይህን አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። በወረቀት ላይ ያለ ወርክሾፕ ደመወዝ አይከፍልም።

ሦስተኛው አሁንም ይቆጨኛል። በያጆቹ የሚከፈላቸው በበየዱት ቁጥር ነበር። ስለዚህ መስቀያው ሞልቶ ሲቆሙ ገቢያቸው ይቀንሳል። እኛ ደንቡን ያወጣነው እነሱን ሳንጠይቅ ነው። ከአራቱ በጣም ጎበዙ በሳምንቱ ጥሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ክፍያው ተቀየረ። ግማሹ ብየዳው ሲያልቅ፣ ግማሹ ሥራው ቀለም ተቀብቶ ሲወጣ። ለሞረዳና ለግጥሚያም የቀን ሒሳብ ተቆረጠ። የቀሩት ተስማሙ። እሱ ግን አልተመለሰም። ክፍያውን ሳይነኩ የሥራ ቅደም ተከተል መቀየር ሰውን ከኪሱ መቅጣት ነው።

ውጤቱ

ኅዳር 2017 ላይ እንደገና ቆጠርን። ግቢ ውስጥ 19 ሥራ አለ። በቀን 3.6 ይወጣል። አንድ ሥራ ከአምስት ቀን ትንሽ በለጥ አድርጎ ይቆያል። ቁጥሩ ያስደስታል፤ ግን ክረምቱ ወጥቶ ቀለም በፀሐይ ቶሎ ይደርቅ ስለነበር ከፊሉ የአየሩ ነው። ስለዚህ ቀጣዩን ክረምት ጠበቅን። ሐምሌ 2017 ላይ በቀን 3 ወጣ፣ ግቢ ውስጥ 21 ነበር። ሰባት ቀን። የዚያ ክረምትና የዚህኛው ልዩነት ነው እውነተኛው ልዩነት።

በያጆቹ አሁን ሦስት ናቸው። ከበፊቱ ያነሰ ይበይዳሉ። ከወርክሾፑ የሚወጣው ግን በዝቷል።

ቀብዱም መልክ ያዘ። የተከፈተ ሥራ ስለቀነሰ ሐጂ የደንበኛውን ብረት ቀብድ በተከፈለ ማግስት ይገዛሉ። ዋጋ ቢንር የዚያ ሥራ ብረት ግቢ ገብቷል። ቀን የሚነገረውም ከደብተሩ ተሰልቶ፣ ሦስት ቀን ተጨምሮበት ነው። «አሥራ ሁለት ቀን» ሲባል ደንበኛ ፊቱን የሚያዞር ነበር። አንዳንዱ ሄዷል። የቀሩት አይደውሉም፤ ስልኩ ጸጥ ማለቱን ሐጂ ራሳቸው ነው ያስተዋሉት።

ለሌላ ቤት የሚሆን ነገር

ዳቦ ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ ጋራዥ ያላችሁ ሰዎች፣ ሥራ የት እንደሚከመር ዙሩና እዩ። ክምሩ ከየትኛው ሰው ፊት ነው? ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ያንን ሰው ሁለት ቀን አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ሰዓት ያዙለት። በጣም ዝምተኛው ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። የሚፈጥን ክፍል ላይ የሚጨመር ጉልበት ዝገት ነው የሚያመርተው። ዳቦ ቤት ከሆነ ሊጡ እላዩ ላይ ይገነፍላል፤ ልብስ ስፌት ከሆነ ቁልፍ የሌለው ሸሚዝ ይቆለላል። ሁለት ቁጥር ደግሞ በየሳምንቱ ጻፉ። ስንት ሥራ ውስጥ አለ፣ በቀን ስንት ይወጣል። ለደንበኛ የምትነግሩት ቀን ከዚያ ይውጣ።

አሁን ያለበት

ነሐሴ 2017 ላይ መምህርቷ የግቢ በር እዚያው አዘዙ። እኔ አልመከርኳቸውም፣ ራሳቸው ናቸው የወሰኑት። 12 ቀን ተባሉ። በአሥረኛው ቀን ተደውሎ «አንድ ቀን እናሳልፍብዎታለን» ተባሉ። በ13ኛው ደረሰ። በካርቶን ተጠቅልሎ ነበር የመጣው። እትዬ ካርቶኑን ገልጠው በመዳፋቸው ዳሰሱት። ደርቋል።

ማነቆው ግን አልጠፋም፣ ከግቢው ወጥቶ ደንበኛ ቤት ገብቷል። አልቀው የማይገጠሙ መስኮቶች ይቆማሉ፤ የሰውየው ግድግዳ ልስን አልተጠናቀቀም። ቀሪው ክፍያ የሚገባው ከግጥሚያ በኋላ ስለሆነ ገንዘቡም አብሮ ይቆማል። አሁን እየሞከሩ ያሉት ብረቱ ከመቆረጡ በፊት ገጣሚው ሄዶ ግድግዳውን እንዲያይ ነው። ለደሴ ሥራ ይህ አንድ ቀን ይበላል፣ ስለዚህ ሁሌ አይሆንም። ባለፈው ስሄድ በሩ አጠገብ ስድስት መስኮት ቆሞ አየሁ። ካርቶኑ ላይ በጠመኔ «ልስን ይጠብቃል» ተብሎ ተጽፏል። ሐጂ ከደንበኛው ጋር በስልክ ነበሩ፤ ግንበኛው መቼ እንደሚመጣ ይጠይቁታል።